ካት እስክትይ

ለእትዬ የብርጓል በመጀመሪያ ያስተማርኳቸው ነገር «ካት» የምትለዋን የፊልም ሰዎች ቃል ነበር። ካት እስክል ድረስ ልቅሶውን አያቁሙ አልኳቸው። ሰው ቢሳሳት፣ ውሻ ቢጮህ፣ ጓደኛችን አንሙት ማይኩን መሬት ላይ ቢጥለው እንኳ አያቁሙ። ካት ካልኩ ግን ሁሉም ነገር ያበቃል፤ ማንም አልሞተም፣ ተነሥተው ፊትዎን ይታጠባሉ። እሳቸውም ከት ብለው ሳቁና ለእውነተኛው ልቅሶስ እንዲህ ያለ ቃል ቢኖረው ምን ነበረበት አሉኝ። ቃሏን ወደዷት። ጓዳ የገባች ዶሮ ሲያባርሩ ካት፣ ጎረቤት ወሬ ሲያበዛባቸው ካት ይሉ ጀመር። ተዋናይ አገኘሁ ብዬ እኔም ደስ አለኝ።

ይህን የምጽፈው ምክንያት ለመደርደር አይደለም። እኔ ቶሎ የምቆጣ፣ የያዝኩትንም የማልለቅ ሰው ነኝ። እናቴ ስታማኝ ይህች ልጅ በሩ ቢዘጋባት በግድግዳው ልለፍ የምትል ናት ትላለች። ይህ ጠባይ ፊልም ለመሥራት ይጠቅማል። ሰው ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት ግን ባለፈው ታኅሣሥ ነው።

ሦስት ነበርን፤ ሦስታችንም ደብረ ማርቆስ የምንማር የኮሌጅ ተማሪዎች። ሃኒ ካሜራ ትይዛለች፤ ዝምተኛ ናት፣ ስትናገር ግን ነገሯ ይቆረቁራል። አንሙት ድምፅ ይቀርጻል፤ ከሦስታችን ሆደ ቡቡው እሱ ነው። እኔ ወንጌላዊት ጽሑፉን ጽፌ አዘጋጅም ሆንኩ። ባሕር ዳር ለሚደረግ የተማሪዎች ውድድር እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ የአሥር ደቂቃ ፊልም ማስገባት ነበረብን። ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት እናት ጎሕ ሲቀድ በሯን ትከፍታለች፤ ደጁ በሰው ተሞልቷል፤ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው በላቸው የሚባል ልጇ መሞቱን ይነግሯታል። በቃ፣ ፊልሙ በሙሉ አንድ የመርዶ ጠዋት ነው። በልጅነቴ ለጎረቤታችን መርዶ ሲመጣ በመስኮት አጮልቄ አይቻለሁ፤ ሰዎቹ ከመናገራቸው በፊት የነበረችውን ዝምታ በካሜራ መያዝ እፈልግ ነበር።

ቦታውን ያገኘልን አንሙት ነው። የተወለደባት መንደር ከአምበር ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ታስኬዳለች። አክስቱ እትዬ የብርጓል የሚኖሩት በመንደሩ ጫፍ፣ ብቻዋን በቆመች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ከጓሮው ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሲሄዱ መሬቱ ድንገት ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። ጠዋት ጠዋት ከገደሉ ጉም እየወጣ አጥሩን ሲያለብሰው ሃኒ አየችና ሌላ ቦታ አንፈልግም አለች። እኔም ተስማማሁ።

እትዬ የብርጓል ባል የሞተባቸው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን ሴት ናቸው። አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው፤ ይታያል ይባላል፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። መስከረም ላይ ከመንደሩ ልጆች ጋር ሰሊጥ አጨዳ ብሎ መተማ ወርዷል። መጀመሪያ አካባቢ ይደውል ነበር፤ ከጥቅምት ወዲህ ስልኩ ዝም ብሏል። በረሃ ነው፣ ኔትወርክ የለም ይሉ ነበር እሳቸው፤ ሳንጠይቃቸው ነበር የሚሉት። ፊልሙ ላይ እናቲቱን ሆነው እንዲሠሩ ስንለምናቸው መጀመሪያ አማተቡ፤ በሕይወት ያለ ልጅ ያላት እናት የልጅ መርዶ እንዴት ትጫወታለች አሉ። ልጁ በላቸው የሚባል የፈጠራ ሰው መሆኑን ደጋግሜ አስረዳኋቸው። በመጨረሻ ያሸነፋቸው ግን የእኔ ወሬ አልነበረም። ፊልሙን በስልክ ማየት ይቻላል ወይ ብለው አንሙትን ጠየቁት። አዎ ሲላቸው፣ ታዲያ ይታያል እዚያ ሆኖ ያየኛላ፣ እናቴ አክተር ሆነች ብሎ ይስቃል አሉና እሺ አሉን።

በኅዳር አጋማሽ ያደረግነው የመጀመሪያው ልምምድ እንዳማረ አለቀ። እትዬ የብርጓል በሩን ከፍተው ሦስት እስኪቆጠር ይቆማሉ፤ ከዚያ በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ፤ መርዶው ሲነገር ደረታቸውን ይመታሉ። ሲያለቅሱ እኔን ራሴን ያስለቅሱኛል፤ ካት ስል ደግሞ ወዲያው ቀና ብለው እንዴት ነበር ይላሉ። ልቅሶ እያስተማርኳቸው አብረን ስንስቅ ዋልን።

በሁለተኛው ሳምንት ስንመለስ መንደሩ ሌላ መንደር ሆኖ ጠበቀን። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረንም። ብቻ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጓል። ከምንጩ የሚመለሱ ሴቶች እትዬ የብርጓልን ሲያዩ ጨዋታቸውን ያቋርጡና ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ይጎትታሉ። የእሳቸው ጤፍ ገና ተራው ሳይደርስ ሃያ ሰው በደቦ ወጥቶ በአንድ ቀን አጭዶ ከምሮላቸው ነበር፤ ምነው ዘንድሮስ ለእኔ ቸኮላችሁ ቢሉ ሰዎቹ ማጭዳቸውን ሰብስበው ተበተኑ። የነፍስ አባታቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ መጥተው ጠበል ረጭተው ሄደዋል። የስልካቸውን ቻርጀር የጎረቤት ሴት ተውሳ ወስዳ ጠፋብኝ ብላለች። እትዬ የብርጓል ይህን ሁሉ እየሳቁ ይነግሩኛል፤ ዓይናቸው ግን አይስቅም፣ ከእኔ ፊት ላይ አንድ ነገር ይፈልጋል። እኔ ደግሞ የማስበው ስለ ተዋናዮቼ ነበር። አሥር ሰው ደጃፍ ላይ እንዲቆምልኝ ለምኜ የመጡት ሦስት ብቻ ናቸው።

ከሁሉ ያናደዱኝ አያ ገዳሙ ነበሩ። የመንደሩ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ በፊልሙም መርዶውን የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ቃላቸውን እንደ ውኃ ሲያወርዱት አይቻለሁ። አሁን ግን እትዬ የብርጓል ፊት ሲቆሙ አፋቸው ይያያዛል። ልጅሽ በላቸው ብለው ይጀምሩና መሬት መሬት ያያሉ። አምስት ጊዜ አስደገምኳቸው። ስድስተኛው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አያ፣ አንዲት መስመር እኮ ናት፣ ምን ያስፈራል አልኳቸው። አንሙት ክንዴን ያዘኝ። ፊቱን ሳየው አመድ መስሏል፤ ሆዱን አሞት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ አያ ገዳሙ ክምሩን ላሳይሽ ብለው ወደ አውድማ ወሰዱኝ። ክምር አይቼ እንደማውቅ እሳቸውም ያውቃሉ። ከቤቶቹ ርቀን ማንም ከማይሰማን ቦታ ስንደርስ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆሙ።

«ልጄ፣ ያንቺ በላቸው የውሸት ነው» አሉኝ። «የእኛ ይታያል ግን ካረፈ አርባው ወጥቷል።»

ቀጥለው የነገሩኝን በቁራጭ በቁራጭ ነው የማስታውሰው። በጥቅምት አጋማሽ ወባ ይዞት በሦስት ቀን ሞተ። ጓደኞቹ እዚያው ቀበሩት። አንደኛው ተመልሶ ለአያ ገዳሙ የተናገረው ከመጀመሪያው ልምምዳችን በኋላ ባለው ሰኞ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእናቱ በቀር መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ የአርባ ፍትሐቱም በሌላ ደብር በስውር ተደርጓል። መርዶው የቆየው ለእሳቸው ታዝኖ ነው። ጤፉ መሬት ላይ እያለ ቢነገራቸው ማን ይሰበስበዋል? ወንድማቸው ከሉማሜ፣ እኅታቸው ከደጀን ሳይመጡ ማን ይደግፋቸዋል? አሁን አዝመራው ገብቷል፣ ዘመድም ተጠርቷል። የቀረው ጭንቀት አንድ ነው። እትዬ የብርጓል ጠርጥረዋል። ሁለት ሽማግሌ አብሮ ሲሄድ ካዩ መንገድ ላይ ወጥተው ስለ ልጄ ምን ሰማችሁ ይላሉ። ካቻምና በጎረቤት መንደር አንዲት እናት ጎሕ ላይ ደጇ በሰው ተሞልቶ ስታይ ነገሩ ገባት፤ ማንም አፉን ሳይከፍት በጓሮ ወጥታ ሮጠች። በገመድ ነው ያወጧት፤ በሕይወት አልነበረችም። እዚህ ደግሞ ገደሉ ከጓሮው ሁለት መቶ እርምጃ ነው።

«ለፊልም ነው ከተባለች ሰው ቢሰበሰብ አትደነግጥም» አሉ አያ ገዳሙ። «ተቀምጣ ትጠብቀናለች። እኛም እንይዛታለን።»

ነገ ጎሕ ሲቀድ አርባ ሰው ደጃፉ ላይ ይቆማል። ካሜራው በቦታው ይኑር፣ ዓይኑ ግን ይከደን፤ የሰው ሐዘን አይቀረጽም አሉ። ቃል እንድገባ ጠየቁኝ፣ ቃል ገባሁ። ደንግጬ ነበር። ከድንጋጤዬ ቀጥሎ በጭንቅላቴ የመጣው ሐሳብ ግን አርባ ሰው የሚል ነው። ሦስት ሰው ብቻ ያገኘሁበት ደጃፍ ላይ አርባ ሰው። ከሐዘኑ በኋላ፣ ሰዎቹ ሳይበተኑ፣ አንዲት ሾት ብትኖር ብዬ አሰብኩ። ወዲያው አፈርኩ። ማሰቤ ግን እውነት ነው፣ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ለሃኒ ስነግራት የካሜራውን ስታንድ መሬት ላይ አስተኝታ እግሮቹን አንድ በአንድ አጠፈች። አንሙት ለካ ከእኔ በፊት ያውቅ ነበር፤ የአክስቱን ዓይን ማየት ስለማይችል ሁለት ሳምንት ሙሉ በማዳመጫው ጆሮውን ደፍኖ ከርሟል። አሁን አያ ገዳሙ ያሉት ይሁን አለ። ሃኒ ግን አልተዋጠላትም። እሳቸው ፊልም መስሏቸው ቢያለቅሱስ ብላ ጠየቀችኝ፤ እውነት መሆኑን በምን ያውቃሉ?

እናት ታውቃለች አልኳት። አያ ገዳሙ የልጃቸውን ስም ሲጠሩ ያውቃሉ። ይህን ስል አንድም ጥርጣሬ አልነበረብኝም፤ ሰው ሁሉ እኔ በጻፍኩት መንገድ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

«አያ ገዳሙ የሚያስቡት ስለ ገደሉ ነው» አለችኝ ሃኒ። «አንቺ ስለ ምን እንደምታስቢ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ተቆጣሁ። ስድብ የሚመስል ነገርም ተናገርኳት። እሷ ከቦርሳዋ ጥቁር ፕላስተር አወጣች፤ የሌንሱን ክዳን ገጠመችና ዙሪያውን በፕላስተሩ አሸገችው። ማንም በስሕተት እንዳይከፍተው ነው አለች። ማንም ስትል ማንን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ወደ እትዬ የብርጓል ቤት ብቻዬን ሄድኩ፤ የነገውን ቀረጻ እንዳስታውሳቸው አያ ገዳሙ ልከውኝ ነበር። ነጠላቸውን አጥበው አጥር ላይ አስጥተዋል። በርጩማዋን እኔ ባሳየኋቸው ቦታ ራሳቸው አስቀምጠው ጠበቁኝ። ነገ ስንት ሰው ይመጣል አሉ። አርባ ያህል ስላቸው ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ወንጌል፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ። «ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ ዓይኑን ይሰብራል። ስለ ይታያል የሰማችሁት ነገር አለ?»

ያን ጊዜ አጠገባቸው ማንም አልነበረም። ጀንበር ነበረች፣ የገደሉም መንገድ ከጀርባዬ ነው፤ ቢሮጡ እንኳ ልይዛቸው እችል ነበር። እጃቸውን ይዤ መናገር እችል ነበር።

«የካሜራው ነገር ነው እትዬ የብርጓል» አልኳቸው። «ሰው ካሜራ ያፍራል።»

አመኑኝ። ትንፋሻቸው ረጅም ሆኖ ወጣ፤ ትከሻቸው ወረደ። ከዚያ የሆዳቸውን አጫወቱኝ። ብቻቸውን ሲለማመዱ ይታያልን እያሰቡ ሞክረውት ነበር፤ ዕንባቸው ወዲያው መጣ፤ ሟርት ነው ብለው ሦስት ጊዜ አማተቡና አቆሙ። ከእንግዲህ በላቸውን ብቻ ነው የማስበው አሉ። ነገር ግን መልኩን ለማያውቁት ሰው እንዴት ይለቀሳል? እስኪ በላቸው ምን ይመስላል ብለው ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ተቀምጬ ፈጠርኩላቸው። ረጅም ነው አልኳቸው፤ የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው፣ ያፏጫል፣ ለእናቱ ከገበያ ሁልጊዜ ብርቱካን ያመጣላታል። እትዬ የብርጓል አገጫቸውን በእጃቸው ይዘው እንደ ተረት ሰሙኝ። የታደለች እናት አሉ። ስሄድ እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ፤ ነገ አላሳፍርሽም አሉኝ።

በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ወጣን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ አጥሩን ውጦታል። ሰው ከሦስት አቅጣጫ መጣ። ድምፅ የለም፤ የሚሰማው የእግር ኮቴና የመቋሚያ ብቻ ነው። ወንድማቸውና እኅታቸው ማምሻውን ሰው በማያይበት መንገድ ገብተው እነ አንሙት ቤት አድረዋል። እኅትየዋ አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው ይዘዋል። አያ ገዳሙ ሁለት ጎልማሶችን በጓሮ በኩል ልከው ከአጥሩ ውጭ፣ ከገደሉ በፊት አቆሟቸው። ሃኒ ካሜራውን ስታንዱ ላይ አቆመች። አንሙት ማይኩን ይዟል፤ ገመዱ ከየትም አልተሰካም። እኔ እንደ ሁልጊዜው ከካሜራው ጀርባ ቆምኩ። ያ ቦታዬ ነው፤ ሌላ የት እንደምቆም አላሰብኩም።

አንሙት በሩን አንኳኳ። እትዬ የብርጓል ከፈቱ። ያን የታጠበ ነጠላ ለብሰዋል። ልክ እንዳስተማርኳቸው ሦስት እስኪቆጠር ቆሙ። ዓይናቸው በሕዝቡ ላይ ሲዞር ወንድማቸውን አገኘ፣ ቀጥሎም እኅታቸውን አገኘ። አሁን ገባቸው፣ አሁን ይሮጣሉ አልኩ። እሳቸው ግን ወደ እኔ አዩና ከንፈራቸውን ነከሱ። ፈገግታ ሲመጣባቸው ለመያዝ ነበር የነከሱት። እነዚህንም ከሉማሜና ከደጀን ድረስ ለእኔ ፊልም አመጣሻቸው ወይ ማለታቸው ነው። ከዚያ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

አያ ገዳሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው አልተያያዘም።

«የብርጓል እኅቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ልጅሽ ይታያል ዐርፏል። በመተማ በረሃ፣ በወባ፣ ጓደኞቹ በክብር ቀብረውታል።»

ስሙ ሲጠራ የእትዬ የብርጓል ፊት ደረቀ። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ፣ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ከካሜራው ጀርባ ነበርኩ፤ እንደ ሁልጊዜው። ያየሁትን አልረሳውም። ዓይናቸው ከእኔ ወደ ካሜራው፣ ከካሜራው ወደ አያ ገዳሙ ሄደና ተረጋጋ። ሰው ቢሳሳትም አያቁሙ ብያቸው ነበር። ሽማግሌው ስሙን ተሳስተዋል፤ እሳቸው ግን አላሳፍርሽም ብለውኛል። ደረታቸውን መቱና ጮኹ።

«በላቸው! ፍንጭቱ ልጄ! ብርቱካን የሚያመጣልኝ!»

ለመጮህ አፉን የከፈተው ሕዝብ እንደ ከፈተ ቀረ። ለቅጽበት ማንም አልገባውም። ከዚያ አንዲት ሴት ወየው፣ አእምሮዋን ሳተች አለችና ልቅሶው ቀለጠ። እኅታቸው ሮጠው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። እትዬ የብርጓልም በእኅታቸው ትከሻ ላይ አለቀሱ። እንደዚያ ያለ ልቅሶ በልምምድ አንድም ቀን አላለቀሱልኝም። ረጅም የነበረውን፣ ያፏጭ የነበረውን፣ ለእናቱ የሚያስበውን በላቸውን እየጠሩ ዕንባቸው በነጠላቸው ላይ ወረደ። አያ ገዳሙ ሁለት ጊዜ ይታያል ነው የብርጓል፣ ያንቺ ይታያል ነው ቢሉም የሴቶቹ ጩኸት ዋጠው። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ሃኒ አጠገቤ ሆና በሹክሹክታ ሂጂ፣ ንገሪያቸው ትለኛለች፤ እሰማታለሁ፣ አልሄድኩም።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ከእኛ ልምምድ ሁሉ ይረዝማል። በመጨረሻ እትዬ የብርጓል ደከሙ። ከእኅታቸው እቅፍ ቀስ ብለው ወጡ፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ማይኩ እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አያ ገዳሙ ስሙን ተሳሳቱት እኮ» አሉኝ። «ካስፈለገ እደግመዋለሁ። ካት በይ እንጂ ወንጌል፣ ደከመኝ።»

ልቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ። አርባ ሰው እኔን አየኝ። ያን ጊዜ ነው የመንደሩ ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ የገባው፤ አያ ገዳሙ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው አንገታቸውን ደፉ። ካት ብል እሳቸው ተነሥተው ፊታቸውን ይታጠባሉ። ካት ካልኩ ማንም አልሞተም ብያቸው ነበር። ከካሜራው ጀርባ ወጥቼ ሄድኩና ፊታቸው ተንበረከክሁ።

«እትዬ የብርጓል፣ ካሜራው ዝግ ነው።»

በትከሻዬ በላይ ወደ ካሜራው አዩ። ጥቁሩን ፕላስተር ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ያልተሰካውን የማይክ ገመድ አዩ፤ የወንድማቸውን ፊት አዩ፤ አንገታቸውን አዙረው በጓሮ በኩል ከአጥሩ በላይ የሚታዩትን የሁለቱን ጎልማሶች ራስ አዩ። ሁሉንም በተራ፣ ሳይቸኩሉ አዩት።

«መቼ?» አሉኝ።

«በጥቅምት አጋማሽ።»

በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ የሆነ ነገር ቆጠሩ።

«መጀመሪያ ልቅሶ ስታስተምሪኝ፣ ስንስቅ የዋልንበት ቀን፣ ሞቶ ነበር?»

አዎ አልኳቸው። ትናንት አጥሩ ሥር የጠየቁኝን ግን አላነሡብኝም። ቢያነሡብኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። አልሮጡም። ጎልማሶቹ ከአጥሩ ውጭ ሥራ ፈትተው ቆመው ቀሩ። ሴቶቹ እንደገና ጀመሩ፤ አሁን በስሙ ነበር፣ ይታያል እያሉ። እኅታቸው ደረታቸውን እየመቱ አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ እንጂ ይሏቸዋል። እትዬ የብርጓል እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፣ ጠበቁ፣ መልሰው አወረዱት። እጃቸው ደረቅ ነበር። እኔን አዩኝ፤ በቁጣ አልነበረም፣ ልምምድ ላይ አንድ ነገር ሲጠፋባቸው እንደሚጠይቁኝ ነበር።

«ለዚያኛው ጨረስኩት እኮ ልጄ» አሉኝ። «ለይታያል አሁን ከየት ላምጣ?»

ሃኒ ስታንዱን አጣጥፋ ከግቢው አወጣችው። እትዬ የብርጓል በርጩማዋ ላይ፣ እኔ ባሳየኋቸው ቦታ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እስከ ሣልስቱ ድረስ አንዲት ዕንባ አልወጣቸውም።